ካሜራው የራሱን መብራት ሲያይ፦ የአንድ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መድረክ የጉዳይ ጥናት

ማዘር የጠየቁን ነገር ሲሰማ ቀላል ነው። (የውዝዋዜ አሰልጣኟን ቡድኑ በሙሉ ማዘር ነው የሚላቸው።) ልጆቹ የለበሱት ጥለት ምን ቀለም ከሆነ ከኋላቸው ያለው መብራትም ያንኑ ቀለም ይሁን፣ ልጅቷ ከግራ ስትገባ ቀለሙም ከግራ አብሯት ይግባ፣ ስትወጣ ይዛው ትውጣ አሉ። ሸማኔው ወር ሙሉ የለፋበትን ጥለት አዳራሹ ውስጥ ከሦስተኛ ረድፍ በኋላ ያለ ሰው አያየውም፣ እኔ እንዲያየው እፈልጋለሁ ነው ያሉት። ይሄን ሲሉኝ በጣም ነካኝ፣ ምክንያቱም እውነት ነው፣ ስንት ዓመት መድረክ ላይ ነጭ ልብስ አበርተን ጥለቱን ግን አጥፍተነዋል።

ቀለሙን ኮንሶል (የመብራት መቆጣጠሪያ ሰሌዳ) ላይ ቁጭ ብሎ ፕሮግራም ማድረግ ይቻል ነበር ግን ልብሱ በየጥቂት ደቂቃው ይቀየራል፣ ልጆቹ ቦታ ይቀያየራሉ፣ አንዳንዱ ውዝዋዜ ደግሞ በየምሽቱ ትንሽ ይለያል፣ ስለዚህ ያለው መንገድ መድረኩን በካሜራ በላይቭ እያዩ ያንኑ ቪዲዮ የመብራቱ አዛዥ ማድረግ ነው። ቦታው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ አዳራሽ ነው፣ ለዝግጅት የተሰጠን ሦስት ቀን፣ ዝግጅቱ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ። እኔ መብራት ነበርኩ፣ ቪዲዮውን የያዘው ደግሞ አንድ ኮምፒውተር የሚችል ወጣት ልጅ ነበር።

ዕቃውን ልንገራችሁና እንለፈው። መድረኩ 12 ሜትር ስፋት አለው፣ ከኋላ 24 የኤልኢዲ ባር ቁመታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ በግማሽ ሜትር ርቀት አቁመናል፣ እያንዳንዱ ባር ለየብቻ ቀለም መቀየር የሚችል 16 ነጥብ አለው። ከላይ 16 ፓር (ባለበት ቆሞ የሚያበራ መብራት)፣ 8 ሙቪንግ ሄድ (ጭንቅላቱ የሚዞር መብራት)፣ ከፊት ደግሞ የአዳራሹ የቆዩ አምፖል ያላቸው ፍሬስኔሎች (ለስላሳ ብርሃን የሚሰጡ የመድረክ መብራቶች)። የመብራት ሥራ ላይ ያላችሁ ሰዎች ሒሳቡን ወዲያው ትሠሩታላችሁ፣ አንድ ነጥብ ቀይ አረንጓዴ ሰማያዊ ሦስት ቻናል ይበላል፣ 16 ነጥብ 48 ቻናል ማለት ነው፣ ዲኤምኤክስ (መብራቶች የሚታዘዙበት ቋንቋ) አንድ ዩኒቨርስ፣ ማለትም አንድ መስመር ላይ 512 ቻናል ብቻ ስለሆነ የሚይዘው 10 ባር ነው። ለ24 ባር ሦስት ዩኒቨርስ፣ ፓርና ሙቪንጉ አራተኛው ላይ። ዲኤምኤክስ በ1986 ለዲመር (የብርሃን መጠን መቆጣጠሪያ) ተብሎ የወጣ ነገር ነው፣ በአንድ ኬብል 512 ቁጥር፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255፣ ሁሉንም ቻናል ከሞላኸው በሰከንድ 44 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው የሚልከው። ቪዲዮ በዚህ በኩል ማሳለፍ ማለት ወንዝን በጀሪካን መቅዳት ነው፣ ግን ይቻላል።

መንገዱ እንዲህ ነው። ካሜራው 1080 በ50 ፍሬም በኤችዲኤምአይ ይወጣል፣ ኤችዲኤምአይ ተራ ኬብል 40 ሜትር ስለማይሄድ በኮንቨርተር ወደ ኤስዲአይ (ረጅም ርቀት የሚሄድ የቪዲዮ ኬብል) ቀይረን ጎትተነዋል፣ ከዛ በካፕቸር ካርድ (ቪዲዮ ማስገቢያ) ወደ ላፕቶፕ፣ ላፕቶፑ ላይ ሬዞሉም አሬና የሚባለው የቪዲዮ ሶፍትዌር ምስሉን ወደ ነጥብ ይቀይርና በአርት-ኔት፣ ማለትም ዲኤምኤክስን በኔትወርክ ኬብል በሚያስኬደው ፕሮቶኮል፣ ወደ ስዊች ከዛ ወደ ኖድ ይልካል፣ ኖዱ መልሶ ወደ አራት የዲኤምኤክስ ኬብል ያወጣዋል። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት የሄደብን ላፕቶፑ ዋይፋይ ላይ ስለነበረ ነው፣ አርት-ኔቱ በዋይፋዩ በኩል እየወጣ ባሮቹ ጭጭ። ዋይፋይ ዘጋን፣ የላፕቶፑን የኔትወርክ አድራሻ አርት-ኔት በሚጠቀምበት በ2 በሚጀምረው ላይ አደረግነው፣ በራ።

አንደኛው ቀን የወላይታ ውዝዋዜ ነበር የሚለማመዱት፣ ልጆቹ ዱንጉዛ ለብሰዋል፣ ቀይ ቢጫ ጥቁር። ካሜራውን አዳራሹ መሐል ላይ ፊት ለፊት አቁመን ከፈትነው። ምን ልበላችሁ፣ ቀዩ ከኋላቸው እንደ እሳት ተንቀሳቀሰ። ማዘር እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የከፋኝ፣ ቀለሙ ነጣ ያለ፣ ወተት የገባበት ዓይነት ነው፣ የዱንጉዛው ቀይ ሮዝ ሆኖ ነው የሚወጣው።

ይሄ የጋማ ጉዳይ ነው፣ ብዙ ሰው ስለሚያልፈው ትንሽ ልቁም። የቪዲዮ ቁጥር የብርሃን መጠን አይደለም። ቪዲዮ ላይ 128 ማለት ስክሪን ላይ ሲታይ ከሙሉው ብርሃን ሩብ እንኳን አይሞላም፣ ሃያ ሁለት በመቶ አካባቢ ነው፣ ስክሪኑ ያንን ያውቃል። የኤልኢዲ ባር ግን ይሄን አያውቅም፣ 128 ስትሰጠው ግማሽ ብርሃን ይሰጥሃል። ስለዚህ በቀዩ ውስጥ ያለችው ትንሽዬ አረንጓዴና ሰማያዊ ሁሉ ከእጥፍ በላይ ሆና ትወጣለች፣ ቀዩ ይነጣል። መፍትሔው ቁጥሩን በ2.2 ጋማ ማሳለፍ ነው፣ 128 የነበረው 56 ሆኖ ይወጣል። ይሄን ስናደርግ ቀዩ ቀይ ሆነ። ዋጋ አለው በርግጥ፣ ከታች ያሉት ጨለም ያሉት ደረጃዎች ጥቂት ቁጥር ላይ ስለሚታጨቁ መብራቱ ቀስ ብሎ ሲጠፋ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ይታያል። እኛ ከ6 በታች የሆነውን ሁሉ ዜሮ አደረግነው፣ ከመንቀጥቀጥ ቶሎ መጥፋት ይሻላል ብዬ።

ያን ቀን አለቀልን ብለን ነው የሄድነው።

ሁለተኛው ቀን ልጆቹ ከሽሮ ሜዳ የመጣውን ነጭ ቀሚስ ለብሰው መጡ፣ ሙሉ ልብስ ሪኸርሳል ነው፣ እስክስታው። ካሜራ ከፈትን። መጀመሪያ መድረኩ ነጭ ሆነ፣ ያው ልብሱ ነጭ ነው። ከዛ ምንም ሳንነካ ትንሽ ቀላ። ከዛ በጣም ቀላ። ከዛ መድረኩ በሙሉ ደም መሰለ፣ እዛው ቆመ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወደ ሰማያዊ መሄድ ጀመረ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ተመልሶ ወደ ቀይ። ልጆቹ ባይንቀሳቀሱም ይሄው ነው። ቪዲዮ የያዘው ልጅ ሶፍትዌሩ ነው ብሎ ሪስታርት አደረገ፣ ኖዱን አጥፍተን አበራን፣ ኬብል ቀየርን፣ ያው ነው። ማዘር ቁጭ ብለው ዝም አሉ፣ የሳቸው ዝምታ ከቁጣ ይከብዳል።

ከዛ ልጁ አንድ ነገር አደረገ፣ በጣም ትክክለኛ ነገር። አንዷን ተወዛዋዥ «እህቴ እስቲ ብቻሽን መሐል ላይ ቁሚ» አላትና የባሮቹን ኬብል ከኖዱ ነቀለው። ካሜራው ምስል ላይ ቀሚሷ ነጭ፣ ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ፣ ቆንጆ። ኬብሉን መልሶ ሰካው። ቀሚሷ ቀስ እያለ ቀላ። እዛ ላይ ሁላችንም አየነው።

ነጭ ሸማ የራሱ ቀለም የለውም፣ የበራበትን መብራት ቀለም ነው የሚለብሰው። ካሜራው የጥለቱን ቀይ ያያል፣ ባሮቹ ትንሽ ይቀላሉ፣ ያ ቀይ ከባሩ ተነስቶ ቀሚሱ ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ ጭሱ ላይ ያርፋል፣ ካሜራው አሁን የበለጠ ቀይ ያያል፣ ባሮቹ የበለጠ ይቀላሉ። ማይክ ስፒከር ፊት ስታቆመው የሚያፏጨው ማለት ነው፣ ይሄኛው በዓይን የሚያፏጭ። ዱንጉዛው ላይ ያልታየው ለምን መሰላችሁ፣ ዱንጉዛ የራሱ ጠንካራ ቀለም ስላለው የባሩን ብርሃን እንደ ነጭ ልብስ አይቀበልም፣ ጥቁሩም ይውጠዋል። ነጩ ሲመጣ ነው ክቡ የተዘጋው። ወደ ሰማያዊ መመለሱ ደግሞ የካሜራው ኦቶ ዋይት ባላንስ ነው፣ መድረኩ ሲቀላ ካሜራው «ይሄማ ነጭ መሆን አለበት» ብሎ ቀዩን ይቀንሳል ሰማያዊውን ይጨምራል፣ ባሮቹ ይታዘዛሉ፣ ከዛ ሰማያዊው በዛ ብሎ ይመለሳል። ሁለት ነገር እርስ በርሱ እየተጎተተ ነው።

መጀመሪያ ካሜራው ላይ ያለውን ኦቶ ሁሉ ዘጋን። ዋይት ባላንስ 3200 ኬልቪን ላይ፣ ከፊት ያሉት ፍሬስኔሎች አምፖል ስለሆኑ፣ አይሪስ (የብርሃን መግቢያው) በእጅ፣ ሸተር (አንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) የሰከንድ 50ኛ፣ የኛ ሀገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ከሱ ጋር እንዲሄድ። ከቀይ ወደ ሰማያዊ መመላለሱ ቆመ፣ መቅላቱ ግን አልቆመም፣ ቀይ ላይ ሄዶ ይቀመጣል። መብራቱን ደካማ ብናደርገውስ አልን፣ ሲደክም ልክ ነው ግን ምንም አይታይም፣ ለማዘር የሚሆን አይደለም።

የሠራው ካሜራውን ማንሳት ነው። ከፊተኛው ትራስ (የመብራት መስቀያ ብረት) ላይ ሰቅለነው ወደ ታች፣ ወደ ወለሉ እንዲያይ አደረግነው። ወለሉ ጥቁር የዳንስ ምንጣፍ ነው። አሁን ካሜራው ባሮቹንም አያይም መጋረጃውንም አያይም፣ የሚያየው ጥቁር መሬትና ልጆቹን ነው። ባሮቹን ወደ ኋላ አዙረን መጋረጃው ላይ እንዲያርፉ አደረግን፣ ልጆቹ ላይ የሚያርፈው ከፊት ያለው ነጭ ብርሃን ብቻ ሆነ። ፓሮቹንም ከቪዲዮው አወጣናቸው፣ ምክንያቱም ከላይ ልጆቹ ላይ ነው የሚወርዱት። ጭሱንም ቀነስነው፣ ቀለም የያዘ ጭስ በካሜራው ፊት ሲያልፍ ያው ነገር ነው። አንድ ሌላም ሕግ አወጣሁ፣ የፊት ፍሬስኔል ውዝዋዜው መሐል ላይ ፌደሩ (ብርሃኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ተንሸራታች) አይነካም፣ አምፖል ሲቀንስ ወደ ብርቱካናማ ስለሚሄድ ካሜራው ያንን እንደ ልብስ ቀለም ይቆጥረዋል። ሲበራ በአንዴ፣ ሲጠፋ በአንዴ።

ክቡ ተቆረጠ። ግን አሁን ሌላ ነገር መጣ፣ ባሮቹ ግራጫ ሆኑ።

ይሄኛውን በደንብ ላሳያችሁ ምክንያቱም እኔ በግሌ የተማርኩት እዚህ ላይ ነው። ምስሉ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው፣ የኛ ባሮች 24 በ16 ማለትም 384 ነጥብ። ስለዚህ ባሩ ላይ ያለች አንዷ ነጥብ የ5400 የምስል ነጥቦች አማካይ ናት። ጥለት ቀጭን ነው፣ እዛ 80 ነጥብ ስፋት ባለው ካሬ ውስጥ አሥሯን ቢይዝ ነው፣ የቀረው ነጭ ጨርቅና ጥቁር ወለል ነው። ቀይ ከነጭና ከጥቁር ጋር ስታማክለው (አማካዩን ስትወስድ) ምን ይወጣል፣ ቆሻሻ ሮዝ። እኛ ደግሞ መጀመሪያ ምስሉን አሳንሰን ከዛ በኋላ ነበር ቀለሙን ለማጉላት የምንታገለው፣ ከጠፋ በኋላ የሚጎላ ነገር የለም። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ ነበረበት፣ መጀመሪያ ነጩን ማውጣት፣ ከዛ ማማከል።

ልጁ ሌሊቱን አጭር ሼደር (የምስሉን ነጥቦች አንድ በአንድ የሚያሰላ ትንሽ ፕሮግራም) ጽፎ መጣ። ሥራው ይሄ ነው፣ ለእያንዳንዷ የምስል ነጥብ ከሦስቱ ቀለሞች ትልቁን ቁጥር ይወስዳል፣ ትንሹን ይቀንስበታል። ነጩ ሸማ ላይ ስንለካው 210፣ 205፣ 198 ነበር፣ ልዩነቱ 12፣ ስለዚህ ይጣላል። የጥለቱ ቀይ 180፣ 40፣ 35፣ ልዩነቱ 145፣ ይቀራል። ጥቁር ወለል ልዩነት የለውም፣ ይጣላል። ከዛ የሚማከሉት የቀሩት ነጥቦች ብቻ ናቸው፣ የተጣሉት አይቆጠሩም። አሥሯ ነጥብ ካሬውን በሙሉ ትወስናለች ማለት ነው።

እና የሰው ቆዳ። ይሄን ማናችንም አላሰብነውም። የኛ ቆዳ ለካሜራ ብርቱካናማ ነው፣ የአንዷን ክንድ ስንለካው ልዩነቱ 70 ገደማ ወጣ፣ ስለዚህ ልጆቹ እጃቸውን ባነሱ ቁጥር መድረኩ ብርቱካናማ ይሆናል። መቁረጫውን 90 ላይ አደረግነው፣ ክንዱ ወደቀ፣ ቀዩና ቢጫው ቀሩ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት አንዲት ልጅ ከግራ በኩል ስትገባ ቀይ ብርሃን መጋረጃው ላይ አብሯት ሲገባ ማዘር ተነስተው እንደገና እንድትገባ አደረጓት፣ ከዛም እንደገና።

ካሜራው ቀለም ካየ በኋላ ባሩ እስኪበራ ስንት ይዘገያል ብለው የጠየቁኝ ሰዎች ስላሉ፣ ለካነው። ስልክ ላይ በ240 ፍሬም ቀርጸን ቀይ ጨርቅ ድንገት ገለጥንና ባሩ እስኪበራ ቆጠርን፣ 30 ፍሬም፣ የሰከንድ አንድ ስምንተኛ ማለት ነው። የካፕቸር ካርዱ፣ የላፕቶፑ፣ የዲኤምኤክሱ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ወስዷል። እስክስታ ላይ ይሄ ይታወቃል፣ ትከሻ ከከበሮው ጋር ሲመታ መብራቱ ከኋላ ይጎተታል። አንዳንድ ሰው እዚህ ላይ ካርድ በመቀየር ሚሊሰከንድ ሲያሳድድ ይኖራል፣ እኔ ትክክል አይመስለኝም። እኛ ጭራሽ አዘገየነው፣ ቀለሙ በአንድ ሰከንድ ተኩል ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲቀየር አደረግን፣ ቪዲዮው የቀለም እንጂ የምት ኃላፊ አይደለም። ምቱን ፓሮቹ ላይ እኔ በጣቴ ከከበሮው ጋር መታሁት፣ ነጭ፣ አጭር፣ ካሜራውን እንዳይረብሽ። ከበሮ የሚሰማ ሰው ጣት አሁንም ከማንኛውም ካሜራ ይቀድማል።

የመጨረሻው ሪኸርሳል ላይ የተፈጠረው ነገር ግን ለመድረክ ሰው በጣም አደገኛ ነው። ዳይሬክተሩ ጋሼ ልጃገረዶቹ አደይ አበባ ይዘው ከመግባታቸው በፊት ድቅድቅ ጨለማ ይፈልጋሉ። ብላክአውት መታሁ። ባሮቹ ቦግ ብለው ቀሩ።

«ጨለማ አልኩህ እኮ!»

«ጋሼ፣ የኔ ኮንሶል ጨልሟል፣ የሚያበራው ላፕቶፑ ነው።»

ኮንሶሉም ላፕቶፑም ወደ አንድ ኖድ፣ ወደ እነዚያው ዩኒቨርሶች ነበር የሚልኩት። ኖዱ ሁለት ላኪ ሲያገኝ ያዋህዳል፣ የኛው የተስተካከለው ከሁለቱ ከፍ ያለውን ቁጥር እንዲያሳልፍ ነው። እኔ ዜሮ ስል ላፕቶፑ 180 ካለ የሚያልፈው 180 ነው። ብላክአውቴ ማንም የማይሰማው ትእዛዝ ነበር ማለት ነው። አስቡት፣ በዝግጅቱ ምሽት አንድ ነገር ተፈጥሮ መድረኩን ማጨለም ቢያስፈልግስ። ባሮቹን ለላፕቶፑ ብቻ ተውኩለትና በአምስተኛ ዩኒቨርስ ላይ ከኮንሶሌ አንድ ፌደር ወደ ላፕቶፑ አስገባሁ፣ ያ ፌደር የቪዲዮውን ሌየር ድምቀት ይይዛል፣ ብላክአውት ስመታ ፌደሩ ዜሮ ይሆናል፣ ምስሉ ይጠፋል፣ ባሮቹ ይጨልማሉ። ካሜራ መብራት ይንዳ፣ ግን መሪው ሰው እጅ ላይ ካልቀረ እኔ እንዲህ ዓይነት ሥራ አልሠራም። ስዊቹንና ኖዱን ዩፒኤስ ላይ ያደረግነውም ያኔ ነው፣ መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል እነሱ ግን ጠፍተው ለመነሳት ጊዜ ይፈልጋሉ።

ምሽቱ ላይ አዳራሹ ሞልቷል። ጋሼ ጨለማ አሉ፣ ጨለመ። ከዛ የፊቱን በአንዴ አበራሁት፣ ልጃገረዶቹ በሁለቱም በኩል አደይ አበባ በእጃቸው ይዘው ገቡ። መጋረጃው ላይ ቢጫው ከሁለቱም ዳር ተነስቶ መሐል ላይ ተገናኘ። ይሄን ማንም ፕሮግራም አላደረገውም፣ የአበባው ቀለም ነው። ከኋላ ረድፍ የነበሩ ሰዎች ሲነሱ አየሁ። አበባውን ዝቅ ሲያደርጉት ሰውነታቸው ጋረደውና ቢጫው ቀስ ብሎ ጠፋ፣ ሲያነሱት ተመለሰ፣ አንዷ ልጅ ይሄን አስተውላ ሆን ብላ ታነሳ ታወርድ ጀመር።

ያልፈታናቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ጥቁር አረንጓዴ ጥለት ይጠፋል፣ ስንለካው 20፣ 80፣ 40 ነው የሚወጣው፣ ልዩነቱ 60፣ ከክንዱ በታች። መቁረጫውን ዝቅ ባደርገው አረንጓዴው ይመጣል ቆዳውም ይመጣል። ልጁ አሁን በልዩነቱ ሳይሆን በቀለሙ ዓይነት እንዲለይ፣ ብርቱካናማውን ክልል ብቻ እንዲጥል እየቀየረው ነው፣ ግን ያኔ ብርቱካናማ ጥለት ምን ሊሆን ነው። ሁለተኛው የሚያብረቀርቀው የወርቅ ክር ነው፣ ለዓይን ወርቅ ነው፣ ብርሃኑን እንደ መስታወት ስለሚመልሰው ግን ለካሜራው ከላይ ነጭ ብልጭታ ነው፣ ከሸማው ጋር አብሮ ይጣላል። ማዘር ለዚህ ብለው የወርቅ ክር ያለበት አንድ የድሮ ነጠላቸውን ሰጥተውኛል፣ እንዳትቀደው ብለው አስጠንቅቀውኝ። ካሜራውን ከሌላ አንግል ሰቅዬ፣ አይሪሱን ጠበብ አድርጌ እየሞከርኩበት ነው።